የገረባ ከሰል

አታክልቲ ዕድሜውን ሙሉ ለገሃር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። ባቡሩ መሄዱን ሲያቆም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆንልህ አለው። ካዛንቺስ ውስጥ ከሚኖርበት የቀበሌ ቤት በስተጀርባ፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና በወለቀ ክሪክ መጭመቂያ ሠራና የከሰል ጡብ ማምረት ጀመረ።

ጥሬ ዕቃው ሰው የሚጥለው ነበር። ጎረቤቱ ዙለይካ ጫት ትሸጣለች። ደንበኞቿ ቅጠሉን ቅመው የሚተዉትን እንጨት፣ ገረባውን፣ በማዳበሪያ እየሞላች ታመጣለታለች። እሱ በርሜል ውስጥ አፍኖ ያከስለዋል፤ እሷ ትወቅጠዋለች። ያስቸገራቸው ማጣበቂያው ነው። በጭቃ ሲያቦኩት ጡቡ ገና ሲነኩት ይፈረፈራል። አንድ ቀን አታክልቲ ከቦይ የተለቀመ ፌስታል አቅልጦ ቢቀላቅልበት ጊዜ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ እሳቱም የጉድ ሆነ። ጭሱ ግን ጉሮሮ አንቆ የሚይዝ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሠሩ። የጭቃው ለሰፈር ሰው፣ የፌስታሉ ደግሞ ሜዳ ላይ ሥጋ ለሚጠብሱት የቄራ ሰዎች። አታክልቲ ለወሰደ ሁሉ አንድ ነገር ሳይል አያሰናብትም፦ «ውጭ አቀጣጥሉት፤ በር ዘግታችሁ እንዳትሞቁት።»

የ2001 ክረምት ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነበር። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ዘነበ ዝናቡን ጥሰው መጡ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። እሁድ እሁድ ከአታክልቲ ጋር ዳማ ይጫወታሉ፤ ሲሸነፉ ያኮርፋሉ፣ ማክሰኞ ሳይደርስ ይታረቃሉ።

«አንተ አታክልቲ፣ ስቶቩ ሞቷል፤ እኔም ልከተለው ነው» አሉ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። «ትንሽ ከሰል ስጠኝ።»

አታክልቲ ክሪኩ ዘይት እያፈሰሰ አስቸግሮት መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር። ቀና ሳይል «ከጥጉ ይውሰዱ፣ ጋሼ» አላቸው። እሳቸውም ፌስታላቸውን ሞልተው፣ መርቀውት ሄዱ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የጋሽ ዘነበ በር አልከፈት አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሰበረው። አታክልቲ ከሁሉም ቀድሞ ገባ። ምድጃው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጧል። የመስኮቱ ስንጥቅ ብርድ እንዳያስገባ በጨርቅ ተወትፏል። ጋሽ ዘነበ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ የተኙ ይመስላሉ። ቤቱን የሞላውን ሽታ አታክልቲ ወዲያው ለየው። የፌስታሉ ነው። ትናንት ይውሰዱ ባላቸው ጥግ ላይ የጭቃውም የፌስታሉም ክምር ጎን ለጎን ነበር።

ፖሊስ መጣ፤ በከሰል ጭስ ታፍነው መሞታቸውን ጽፎ ሄደ። ከሰሉ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ክረምት እንዲህ ሲሞት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው አልነበሩማ።

አታክልቲ ያን ቀን በዝናብ ከቤት ቤት ሲዞር ዋለ። የሰጠውን ጡብ ሁሉ ለቅሞ አመጣ። አልሰጥም ያሉትንም ለምኖ ወሰደ። ሲጨርስ ገረባ ስትለቅም ከነበረችው ከዙለይካ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ትናንት እዚህ ነበርሽ አይደል? ነግሬያቸዋለሁ?»

«ነግረዋቸዋል» አለች ወዲያው።

«ምን ብዬ?»

«ያው ነዋ፣ ሁልጊዜ የሚሉትን። ውጭ ብለው፣ በር ብለው…»

«እኔ ግን አላስታውስም። ስለ ክሪኩ ማሰቤን አስታውሳለሁ፤ ሲመርቁኝ አስታውሳለሁ። ያን ለማለት አፌን መክፈቴን ግን አላስታውስም።»

«እኔ ሰምቻለሁ፣ ጋሽ አታክልቲ።»

«እስቲ በአላህ ማይልኝ።»

ዙለይካ እጇ ላይ የያዘችውን ገረባ ሰበረች፤ ደግማ ሰበረችው። «ማለቴ… መሐላ ምን ያደርጋል? በቃ፣ ነግረዋቸዋል አልኩዎት እኮ።»

በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ ከቡታጅራ የመጣችው የጋሽ ዘነበ ታናሽ እህት፣ የስልሳ ዓመት ሴት፣ አታክልቲን አስጠራችው። «ወንድሜ በደወለ ቁጥር ያነሳህ ነበር» አለችው። «ጓደኛ አለኝ፣ ብቻዬን አይደለሁም ይለኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

አታክልቲ ምስጋናውን ሊቀበል አቃተው።

«እትዬ፣ ከሰሉ የእኔ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የሠራሁት። እኔ ነኝ ውሰዱ ያልኳቸው።»

ድንኳኑን ዝናቡ ይደበድበዋል።

«ቤት ውስጥ አይነድም ብለኸዋል?»

«አላውቅም። ሳስብ ውዬ ሳስብ አድራለሁ፤ አላውቅም።»

«ዘነበ ቢነግሩትም አይሰማም ነበር» አለች ቆይታ፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ከልጅነቱ ጀምሮ ምክር አይሰማም። ግን… ነግሬዋለሁ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ሴትዮዋ አልረገመችውም፤ ይቅር አልኩህም አላለችውም። ወደ አገሯ ስትመለስ የወንድሟን የስፌት ሲንጀር እስከ መኪናው ድረስ አታክልቲ ተሸከመላት። በመስኮቱ «ደህና ሁን» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ፌስታል ማቅለጡን ያን ሳምንት ተወው። የጭቃው ጡብ ብቻውን አላዋጣም፤ የቄራ ሰዎች ወደ እንጨት ከሰላቸው ተመለሱ፤ መጭመቂያውም ዝገት በላው። አታክልቲ ሰንጋ ተራ አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። እሁድ እሁድ ተረኛ እንዲያደርጉት ራሱ ጠየቀ።

ሰፈሩ በልማት ሲፈርስ ዙለይካ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ልትሰናበተው ወደ ሥራ ቦታው መጣች። ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፤ ስለ ጉልበቱ ጠየቀችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረች።

«ጋሽ አታክልቲ፣ ያን ቀን… ማለቴ፣ ጋሽ ዘነበ የመጡ ዕለት እኔ…»

«ተይው ልጄ» አላት ፈጥኖ። «እባክሽ ተይው። እንደዚሁ ሳላውቅ ልሙት።»

እሷም አልጨረሰችውም። ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ሁለቱም እዚያው በሕንፃው በር ላይ፣ ሰው እያለፈ እያየ፣ ጥቂት አለቀሱ።