ካሪ የሌለበት ዓመት

የሃውታላምፒ ከተማ የበረዶ ሆኪ ቡድን ውድድሩ ከተጀመረ ወዲህ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ጥቅምት ገብቶ በርች የሚባሉት ነጫጭ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ጨርሰዋል፤ ቡድኑ ግን አሁንም ከታች አንደኛ ነበር።

አምበሉ ያርኖ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ክለቡ ያለፈው ዓመት ውድድር እንዳለቀ «ከእንግዲህ በልጆች ነው የምንሠራው» ብሎ ነባሮቹን ሲያሰናብት እሱን ብቻ አስቀረው። ልጆቹን የሚይዝ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ለዓመታት ከጎኑ ሆኖ የተከላከለው ካሪ ወደ ኖርዌይ ሄደ። ካሪና ያርኖ በረዶው ላይ ሲሆኑ መነጋገር እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይቀራል፣ በቃ።

አሁን አውቶቡስ ውስጥ ከአጠገቡ የሚቀመጥ የለም። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ስልክ ላይ ተደፍተው ይንከተከታሉ። አንድ ቀን ዞር ብሎ፣

«ምንድነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?» አላቸው።

«ተወው አባባ፣ ቢነገርህም አይገባህም» አለው አንዱ። በክፋት አልነበረም። ያርኖም ፈገግ አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ፤ እስኪደርሱ ድረስ ጥድ ሲቆጥር ሄደ።

በካሪ ቦታ የገባው ኒሎ የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ከሰሜን ጫፍ፣ ከኢናሪ መጥቶ ከአንድ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ለብቻው ይኖራል። በረዶው ላይ ሲንሸራተት የሚይዘው የለም፤ ግን ፓኳን፣ ያቺን ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ፣ አንዴ በዱላው ከነካት ከኋላው ግብ ያለ መሆኑን ይረሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳቸው ላይ ተጫወቱ። ሁለት ለሁለት ሆነው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኒሎ ፓኳን ይዞ ቀና አለና ያርኖን አየው።

«ሂድ!» አለው ያርኖ።

ልጁ ሄደ፤ መሀል ላይ ቀሙት። የተቃራኒው አጥቂ ብቻውን መጣ፣ ያርኖም ዞሮ ተከተለው። ድሮ ቢሆን ይደርስበታል። አሁን ግን ትከሻው ቀድሞ ሄደና እግሩ ኋላ ቀረ። ፓኳ መረቡ ውስጥ ገባች።

«ያንን ሕፃን ወደ እናቱ መልሱት!» ብሎ አንዱ ተመልካች ከላይ ጮኸ፤ ብዙዎቹ ሳቁ።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ኒሎ ፎጣውን ራሱ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። ያርኖ ጫማውን እየፈታ አንድ ቃል ሊናገረው ፈለገ፤ ግን ዕቃውን ሸክፎ ወጣ። ቤቱ ሄዶ የአተር ሾርባውን አሙቆ ከምድጃው አጠገብ እንደቆመ በላ። እንዲህ መብላት ከጀመረ ቆይቷል።

ሰኞ አሰልጣኙ ሄይሞ ሁሉንም ሰብስቦ ቪዲዮውን አሳያቸውና ግቧ ጋ ሲደርስ አቆመው።

«ኒሎ፣ ወዴት ነበር እንዲህ መንገድ የጀመርከው? ወደ አገርህ?»

ልጆቹ ሳቁ። ኒሎ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«የሚቀጥለውን ጨዋታ ከተመልካቾቹ ጋር ከላይ ሆነህ ታያለህ» አለ ሄይሞ።

«ትንሽ ወደኋላ መልሰው» አለ ያርኖ።

«ምን ልታይ?»

«እኔን።»

ሄይሞ መለሰው። ያርኖ ተነሥቶ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «እዚህ ጋ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሂድ ካልኩ መሸፈን የኔ ሥራ ነው። ይኸው፣ ሰውየው አጠገቤ ነው። ይሄ የሚደረስበት ነበር። አልደረስኩበትም።»

ሄይሞ መውጫ ሊሰጠው ፈልጎ፣ «ወገብህ ነው አይደል? ባለፈው ያመመህ» አለው።

«ምንም አላመመኝም።»

በኋላ ሄይሞ ቢሮው አስገብቶ ከፔርሙዝ ቡና ቀዳለት።

«ምን አስቸኮለህ? ለብቻዬ አትነግረኝም?»

«ልጁን ለብቻው ነው እንዴ የሰደብከው?»

ሄይሞ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እንግዲያው ረቡዕ ከላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ» አለ።

«ይሁን» አለ ያርኖ። ልቡ ግን ሄይሞ እንዲከራከረው ጠብቆ ነበር። ትንሽ እንኳ፣ ለወጉ ያህል።

ረቡዕ ኮት ለብሶ ተመልካቾች መሀል ተቀመጠ። አይኖ የሚባሉ፣ ጨዋታ አምልጧቸው የማያውቅ ባልቴት አጠገቡ ነበሩ።

«አሞህ ነው?» አሉት።

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

አይኖ ቋሊማቸውን ቆርሰው ሰጡት። ያርኖ ተቀብሎ በላ።

ልጆቹ ሁለት ለአንድ እየመሩ ነበር። ኒሎ ፓኳን ይዞ ወጣ፤ ሦስት አራት ጊዜ በጫማው በረዶውን ገፋ፣ ገፋና አንገቱን አዙሮ ኋላውን አየ። ባዶ ነው። ፓኳን ለጓደኛው ለቀቀና ተመለሰ። ማንም አላጨበጨበም፤ የሚያጨበጭቡበት ነገር አልነበረም። ያርኖ ብቻ ብድግ አለ። ከኋላው ያሉት «ቁጭ በል፣ ከለልከን!» ሲሉት ተቀመጠ።

አሸነፉ። ያርኖ እስከ ልብስ መቀየሪያው በር ወረደ። ከውስጥ ይዘፍናሉ፣ ግድግዳውን ይደበድባሉ። እጁን እጀታው ላይ አደረገ። ቢገባ ዘፈኑ የሚቆም መሰለው፤ የሚቆመውም ለእሱ ክብር ሲባል ነው። እጁን አነሣና በሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ቤቱ እየሄደ ለካሪ ደወለ።

«አሸነፍን።»

«ተመስገን! አንተስ ምን ሠራህ?»

«ከላይ ነበርኩ።»

«ሐይቁ በረዶ ሆኗል?» አለ ካሪ።

«ገና ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ልምምድ ላይ ኒሎ ከአጠገቡ ቁጭ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

«ትናንት የት ገባህ? ፈለግንህ እኮ።»

«ደክሞኝ ነው።»

«ከላይ ቁጭ ብለህ?»

«መቀመጥ ቀላል መሰለህ?»

ልጁ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺን የተመለስኩባትን አየሃት?» አለው።

«አየኋት።»

«ማንም ያያት አልመሰለኝም ነበር።»

ያርኖ መልስ ሊሰጥ ሲል ሄይሞ ፊሽካውን ነፋና ወጡ።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። ያርኖ ሰው ሲጎዳ ይገባል፤ ካልሆነ ኮቱን ለብሶ ከአይኖ አጠገብ ይቀመጣል። ቡድኑ ከመጨረሻው ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ለልጆቹ ግን እንደ ዋንጫ ነበር። በጸደይ ኒሎን አንድ የደቡብ ክለብ ወሰደው። ሄይሞም ያርኖን ጠርቶ፣

«አዳዲስ ተከላካዮች እየመጡ ነው፤ ገና ለጋ ናቸው። መጫወቱን ትተህ ትይዝልኛለህ?» አለው።

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

ያርኖ በመስኮቱ ተመለከተ። ሜዳው ውስጥ በረዶውን አቅልጠውታል፤ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ እርጥብ ነው። «እሺ» አለና ልብስ መቀየሪያው ገብቶ የጨዋታ ዕቃውን ከቁም ሣጥኑ ማውጣት ጀመረ፤ የሚረዳው ሰው ስላልነበረ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ።