የረጠበው አመድ

«እሳት አመድ ወለደ» ይላል የቆየው ተረት፣ ከብርቱ ወላጅ ደካማ ልጅ ሲወጣ። ልጅቱ የባንክ ሥራዋን ትታ ከአንድ ፋብሪካ ጓሮ አመድ እያስጫነች በትንሽ ወርክሾፕ የግቢ ንጣፍ መሥራት በጀመረች ጊዜ፣ ዕድሜያቸውን በዚያው ፋብሪካ ምድጃ ፊት የፈጁት አባቷ ይህንኑ በጎረቤት ፊት ተርተውባት ነበር።

«ይኸውልሽ፣ ይሄም ሄደ!» አለ ማሽነኛው፤ ከመጭመቂያው ያወጣውን ንጣፍ ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ብስኩት ለሁለት ሰበረው።

ስብራቱን ወደ ብርሃን አዞረችው። የቀለጠው ፕላስቲክና አመዱ አንድ አካል ሊሆኑ ሲገባ፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ተበሳስቷል። የጤና ጣቢያውን ግቢ የሚያስነጥፈው መሐንዲስ ከቀትር በኋላ ሊፈትን ይመጣል። ካልወደደው ብቸኛው ትእዛዝ ይሰረዛል፤ እርሷም ወርክሾፑን ዘግታ የተወችውን መሥሪያ ቤት ደጅ ልትጠና ነው።

«ፕላስቲኩ ይሆን?»

«ፕላስቲኩ የወትሮው ነው፣ እህቴ። ሙቀቱም ያው። እኔም ያው ነኝ፤ ሚስቴን ጠይቂያት።»

አልሳቀችም። ወደ አመዱ ክምር ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ላዩ ደርቋል፤ ውስጡ ግን ቀዝቅዞ በጣቶቿ መካከል ተድቦለቦለ። ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል።

«ይህን ማን አረጠበው?»

በዚህ መሐል አባቷ የውኃ ጎማ እየጎተቱ በጓሮው በር ብቅ አሉ። ሲያዩዋት ባሉበት ቆሙ።

«አባዬ፣ አንተ ነህ?»

«ታዲያ ማን ይሁን? ዛሬ አረፈድኩ እንጂ ሰሞኑን ሁሉ ሳትመጪ ነው የማጠጣው። አመድ ካልረጠበ ይበናል። የሰው ልብስ አቆሽሾ ስምሽን እንዳያስነሣ ብዬ ነው። እኛ ፋብሪካ ደረቅ አመድ ያወጣ ሠራተኛ ወዮለት!»

«ውኃው እኮ ትኩሱ ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ እንፋሎት ይሆናል! ንጣፉን የበሳሳው እሱ ነው!»

ሽማግሌው ጎማውን ለቀቁት። «ልረዳሽ ብዬ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሳቅ ቀደማት። ጥፋቱ በሙያዋ አልነበረም። በጎረቤት ፊት የተረቱባት ሰው ደግሞ በየማለዳው ተደብቀው ሲያገለግሏት ሰንብተዋል።

«ተመስገን፣ እንኳን ውኃ ሆነ!» አለች።

«እንግዲህ ያረጠበ ያድርቅ፣ ጋሼ» አለ ማሽነኛው።

አባቷ አልተለመኑም። ከሰፊ ላሜራ ሥር እሳት አነደዱ፤ አመዱን በስሱ አሰጡት፤ እንደ ዱቄት እስኪቦን ድረስ በረጅም ብረት እያገላበጡ ከአጠገቡ አልተነሡም።

መሐንዲሱ ሰፊ ትከሻ ያለው ወፍራም ሰው ነበር። ተጨምቆ የቀዘቀዘውን አዲስ ንጣፍ በሁለት ብሎኬቶች ላይ አጋደመና ወጣበት። ከዚያም ዘለለበት። ማንም አልተነፈሰም። ንጣፉም አልተነፈሰም።

«እኔን ከቻለ ቃሬዛ አያቅተውም» አለ ሲወርድ። «ቀጥሉ።»

አባቷ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ አበሱ። «አመዱ ገብቶብኝ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ማምሻውን ልጅቱ ጎማውን ጠቅልላ አስቀመጠች። ከዚያም ከቁልፎቿ መካከል የፊት በሩን ቁልፍ ፈትታ በአባቷ መዳፍ ላይ አኖረች።

«በጓሮ መሹለክ ይቅር፣ አባዬ። አመዱ ከነገ ጀምሮ በአንተ እጅ ነው። ሸራ አልብሰው እንጂ አታጠጣው።»

በተከተለው ክረምት የጤና ጣቢያው ግቢ አልጨቀየም።