ምልክት አይሄድም

ጡረተኛው መምህር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሞተር ጥገና አስተምሯል። አስተምሯል አልኩ እንጂ ጠግኗል አልወጣኝም። በቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ስንት ሞተር ፈትቶ ስንቱን እንደገጠመ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። ታዲያ ከነዚያ ሁሉ ሞተሮች አንዱም ዘይት አንጠባጥቦ፣ አንዱም ብሎን አልላላም ብሎ አስቸግሮት አያውቅም። ጠመኔ ታዛዥ ነው።

የገዛ መኪናው ሥር አረንጓዴ ውሃ ተኝቶ ያገኘ ቀን ግን ነገሩ ከጠመኔ አለፈ። የሚያፈሰው የውሃ ፓምፑ ነው። ፓምፑ ደግሞ የሚዞረው በታይሚንግ ቺንጋው ነው፤ ይኸውም የሞተሩን ላይና ታች አስተባብሮ የሚያዞረው ጥርሳም የላስቲክ ቀበቶ። ለአንዱ ብለው ካወረዱ ሌላውንም አብሮ መቀየር ነው። ቺንጋው ሲመለስ ቦታውን ከሳተ ከላይ የሚወርደው ቫልቭ ከታች ከሚመጣው ፒስተን ጋር ይላተማል። ከዚያ ወዲያ ሞተር የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ብረት ነው።

«ጋራዥ ውሰዳት» አለችው ሚስቱ።

«ጋራዥ? እኔው ያስተማርኩት ልጅ መልሶ ለእኔ ሊያስረዳኝ?»

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» አለችና ቅዳሜ ጠዋት የእጅ ባትሪውን ይዛ ከጎኑ ቆመች። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ጠባብ ቦታ ላይ መብራት ይዞ መታገሥን ከባሏ ይልቅ እሷ ታውቅበታለች።

መምህሩ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ የቀኝ የፊት ጎማዋን አወለቀ። የራዲያተሩን ውሃ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ተቀበለ፤ ሚስቱ ሳፋውን በዓይኗ ተሰናበተችው። ከዚያ የፑሌጃው ብሎን መጣ። ፑሌጃው ከሞተሩ ታችኛው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሳህን የሚያህል ክብ ብረት ነው። ብሎኑን ቢታገለው፣ ቢለምነው፣ ቢሰድበው እምቢ አለ። በመጨረሻ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ሲንጠለጠልበት «ጧ» ብሎ ለቀቀው፤ መምህሩም በመቀመጫው ዱብ አለ።

«ይኼንንም ሰሌዳ ላይ ትስለው ነበር?» አለች ሚስቱ።

ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። ፑሌጃውን ከማውጣቱ በፊት ዋናውን ሥራ ሠራ። በፑሌጃው ጠርዝ ላይ ያለችውን ጭረት የቺንጋው ሽፋን ላይ ካለው ዜሮ ጋር ልክ ለልክ አገናኘ። ላይኛውን ሽፋን ከፍቶ ሲያይ ግን ቺንጋው የሚያርፍበት የላይኛው ጥርስ ምልክት ከቦታው ርቆ ቆሟል።

«ያ ከእኔ በፊት የገጠመው ወሮበላ ነው ያበላሸው» አለ።

«ትናንት ገበያ ደርሳ የመጣች መኪና እኮ ናት። እንዲያ ከተበላሸች እንዴት ሄደች?»

መምህሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፑሌጃውን አወጣ፣ አሮጌውን ቺንጋ አወረደ፣ ፓምፑን ፈታ፣ የማሸጊያ ጋስኬቱን ቅሪት በቢላ ፋቀ፣ አዲሱን ፓምፕ አሰረ። ከዚያም የላይኛውን ጥርስ ወደ ምልክቱ አምጥቶ፣ ታችኛውን ፑሌጃው እንዳለው ትቶ፣ አዲሱን ቺንጋ አለበሰ። ከኩራቱ የተነሣ ላቡን እንኳ አልጠረገም።

አንድ ጥሩ ልማድ ግን ነበረው፣ እሱን አልክደውም። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ሁለት ዙር በእጅ ይዞራል፤ ይኼንን ለተማሪ ሁሉ ሲወተውት ኖሯል። የብሎን ቁልፉን ከታች ሰክቶ አዞረ። ግማሽ ዙር ሳይሞላ ቁልፉ ቀጥ አለ። ገፋው። ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ብረት ብረትን ነካ።

መምህሩ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ። በመኪናዋ ቁልፍ አስነስቶት ቢሆን ኖሮ ቫልቮቹ በሙሉ ጎብጠው ነበር።

«ምንድነው?» አለች ሚስቱ።

«አላውቅም።»

ባሏ ይህን ቃል ሲናገር መቼ እንደሰማችው ማስታወስ አቃታት። ባትሪውን ወደ ታች ዝቅ አድርጋ፣ ፑሌጃው ከወጣበት ቦታ ወደ ኋላ፣ ትንሹ ጥርሳም ብረት ላይ አበራች። «እዚህ ጋ ቆሻሻ የሸፈነው ነገር አለ» አለችው። መምህሩ በጨርቅ ሲጠርገው አንዲት ነጥብ ወጣች። አጠገቧ፣ የሞተሩ አካል ላይ፣ አንዲት መስመር። ቺንጋውን እንደገና አወለቀና ነጥቧን ከመስመሯ አገናኘ። ያን ጊዜ ላይና ታቹ፣ ምልክቱና ጥርሱ፣ ሁሉም ልክ ሆነ።

ከዚያ ፑሌጃውን መልሶ ቦታው ላይ ሰካው። የጠርዙ ጭረት ከዜሮው አራት ጣት ርቆ ተቀመጠ።

ፑሌጃው ወጥ ብረት አልነበረም። እምብርቱና የውጪው ቀለበት በመካከላቸው ባለ ላስቲክ የተያያዙ ናቸው። ላስቲኩ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። መምህሩ ቀለበቱን በሁለት እጁ ይዞ ሲጠመዝዘው እምብርቱ ባለበት ቆሞ ቀለበቱ ብቻውን ዞረ፤ ጭረቷም አብራው ሄደች።

«ምልክቱ ሄዷል ማለት ነው» አለች ሚስቱ፣ በቀስታ።

እሷም ታስታውሳለች፣ እሱም ያስታውሳል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በመጨረሻው የተግባር ፈተና ላይ አንድ ተማሪ እጁን አነሳ። «መምህር፣ በውጪው ጭረት መተማመን አይቻልም። ላስቲኩ ሲያረጅ ቀለበቱ ይዞራል። አጎቴ ጋራዥ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። መምህሩም «ምልክት አይሄድም! የሚሄደው ሰው ነው» ብሎ በሩን አሳየው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በልጁ ወረቀት ላይ ዜሮ፣ ከዜሮው ሥር ደግሞ «ለሙያው አይመጥንም» ተጻፈ። እናትየው ቤት ድረስ መጥታ ለመነች። ሚስቱ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻት፤ እሱ ከመኝታ ቤት አልወጣም።

ያ ልጅ ዛሬ መንገዱ ጥግ ላይ መኪና ያጥባል። አረፋ የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። መምህሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ሲለው መምህር ብሎ የሚጠራው አረፋ ብቻ ነው። መምህሩ እዚያ ጥግ ሲያልፍ ዳገት ይመስል እርምጃውን የሚያዘገየው፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያቺን ቃል ለመስማት ነበር።

ከሰዓት አዲስ ፑሌጃ ገዝቶ መጣና ገጠመው። ሁለት ዙር በእጅ አዞረ፣ ምንም አልነካም። ውሃ ሞላ። ሚስቱ መሪው ላይ ተቀምጣ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ሳያንገራግር ተነሳ።

ይኼኔ አረፋ ባልዲውን ይዞ በተከፈተው በር ገባ። ቅዳሜ ከሰዓት የመምህሩን መኪና የሚያጥበው እሱ ነው።

«መምህር! እርስዎ ራስዎ ነዎት የሠሯት?»

«ታዲያ ማን ይሠራልኛል?»

«ዝም ብላ እኮ ነው የምትሠራው! ኮፈኑ ተከፍቶ ባላየው ጠፍታለች እል ነበር። ምልክቱን ወዲያው አገኙት?»

«እንዳስተማርኳችሁ ነዋ» አለ መምህሩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

አረፋ ሳቀና ባልዲውን አስቀመጠ። «ያኔ እኮ ጥጋብ ነበር የሚያናግረኝ። አንድ ያረጀ ፑሌጃ አይቼ ሁሉን ያወቅሁ መሰለኝ። ደግ አደረጉኝ።» ከዚያ ፈገግታው ጠፋና ወደ መምህሩ ጠጋ አለ። «መምህር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት? ከታች ያለው ጋራዥ ባለቤት ና ግባ ብሎኛል። መኪና ሳጥብ የሞተር ድምፅ እየሰማሁ ሁለት ሦስቴ በሽታውን ነግሬው፣ ልክ ሆኖ አገኘው። ሰኞ መልስ ይጠብቃል። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ብሎን ስነካ ያቺ የጻፉብኝ ቃል ትመጣብኛለች፣ እጄም ይርዳል። አንድ ቃል ይበሉኝ። ትችላለህ ካሉኝ እገባለሁ፣ አትችልም ካሉኝም ይቆርጥልኛል።»

መምህሩ እጁ ላይ ያለውን ዘይት በጨርቅ ጠረገ። ልክ ነበርክ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ሁለት ቃል። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከሁለቱ ቃል በኋላ የሚመጣውንም አየው። አሥራ ስምንት ዓመት በከንቱ እንዳለፈበት ሲሰማ ልጁ ምን ዓይነት ፊት ይሆን የሚያሳየው? የጥጉ አጣቢዎች ሁሉ ሲስቁ፣ መምህር የምትለው የመጨረሻዋ አፍ ስትዘጋ ታየው። ፈራ። ፍርሃቱ የሕፃን ፍርሃት ነበር፣ ከሽማግሌ አፍ ግን ምክር ሆኖ ወጣ።

«ከባድ ሙያ ነው» አለ። «ዕድሜህም ሄዷል። አስብበት።»

አረፋ ራሱን ነቀነቀ። 

«ገላገሉኝ መምህር። እንቅልፍ አጥቼ ነው የሰነበትኩት» አለና ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ነከረ።

ሚስቱ መሪው ላይ እንደተቀመጠች በመስኮቱ ሁሉንም ሰምታለች። ሞተሩን አጠፋች። ወረደች፣ ባሏን አልፋ ሄደች፣ መሣሪያ ማስቀመጫው ጆንያ ላይ የተጣለውን አሮጌ ፑሌጃ አነሳች።

«እንዲያው ተይ» አላት መምህሩ በሹክሹክታ። አልዞረችም።

«ና እስቲ የኔ ልጅ፣ ይቺን እያት።»

አረፋ እጁን ሱሪው ላይ አድርቆ ተቀበላት። ማንም ምንም ሳይለው አውራ ጣቱ ላስቲኩን ፈልጎ አገኘው። ቀለበቱን ገፋ አደረገው፤ ዞረ። መልሶ ገፋው፤ መልሶ ዞረ። እጁ አልራደም።

«መቼ ነው ያወጣችኋት?» አለ።

«ጠዋት» አለች ሚስቱ።

ቀና ብሎ መምህሩን አየው። መምህሩ ቁጣ ጠብቆ ነበር፣ ቢሰድበው ደስ ባለው። ልጁ ግን የተናደደ ሰው ፊት አልነበረውም፤ የከፋው ሰው ፊት ነበረው፣ እሱ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። ፑሌጃውን ጆንያው ላይ ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። የባልዲውን ውሃ ደፋ።

«ያኔ አላወቁም ነበር» አለ። «እሱ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል። ዛሬ ግን አውቀው ነው።»

ባዶ ባልዲውን አንጠልጥሎ ወጣ።

መምህሩ እስከ በሩ ተከተለው። ሊጠራው፣ ቆም እንዲልለት ሊለምነው፣ ያቺን ሁለት ቃል አሁን እንኳ ከኋላው ሊጮህለት ፈልጎ ነበር። አፉን ከፈተ፤ ስሙ አልመጣለትም። ዜሮውን አጠገቡ የጻፈበት ስም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከመዝገብ ላይ የጠራው ስም ጠፋበት። ያለው አረፋ የሚለው ብቻ ነው፣ ይኼን ሰው በዚህ ሰዓት አረፋ ብሎ መጥራት ደግሞ አሳፈረው። ምናልባት እሷ ታውቀው ይሆናል ብሎ ወደ ሚስቱ ዞር ሲል፣ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች።