የአዋላጇ ቀይ መኪና

ልብስ ሰፊዋ ማስታወቂያውን ያየችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራዋን ጋብ አድርጋ ስልኳን ስትነካካ ነው። ሁለት በር ያላት፣ መሬት ልትስም የደረሰች፣ አፍንጫዋ የሾለ ቀይ የስፖርት መኪና። ከሥሩ «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲያነብ ስልኩን አጥፍቶ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። እሷ ግን ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ እንዲህ ያለች መኪና ስትመኝ ኖራ ሃምሳ አንድ ሞልቷታል። ልጆቿ ራሳቸውን ችለዋል። አሁን ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?

ለታላቅ ወንድሟ ደወለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት መኪና ጠግኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ኮፈን ሳይከፍት፣ ድምፅ ብቻ ሰምቶ የሞተርን ሕመም ስለሚያውቅ ጋራዥ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነበር የሚሉት።

«ጋሼ፣ አንድ መኪና እይልኝ።»

«ስንት ሄዳለች?»

ነገረችው።

«እህቴ፣ እሷማ ጡረታ መውጣት ያለባት ናት። ለማንኛውም እንያት። ግን ቃል ግቢልኝ፤ ሻጩ ፊት ጥርስሽን እንዳታሳዪ።»

ቃል ገባች። ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በአካል ስታያት ግን ፊቷ አልታዘዝ አላት፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ፈገግ አለች። ሻጯ ስድሳ የሞላት፣ ሽበቷን አጭር አድርጋ የተቆረጠች፣ እጆቿ ሰፋፊ የሆኑ አዋላጅ ነበረች። ጆሮ ሰላምታውን እንደ ነገሩ አድርጎ በቀጥታ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ጫነ። ፊቱን ቋጠረ። እህቱን በክንዷ ይዞ ገለል አደረጋት።

«ሞተሩ ሞቋል። አሙቆ የሚጠብቅሽ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው። ጠዋት ሲነሳ የሚያጨስ ሞተር፣ ከሞቀ በኋላ ጨዋ መስሎ ይቀርብሻል።»

አዋላጇ ጆሮዋ ቀጭን ኖሯል። «ሌሊቱን ምጥ የያዛት ሴት ጋ ነበርኩ፤ ከገባሁ ግማሽ ሰዓት አይሆነኝም» አለች፣ ሳትቆጣ። «ነገ ጠዋት ኑ። ካላመናችሁኝም ቁልፉን ይዛችሁ ሂዱ።»

ጆሮ ምንም ሳያፍር ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

ልብስ ሰፊዋ እሑድ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ለባብሳ ወንድሟ በር ላይ ቆማለች። አዋላጇ ቤት ሲደርሱ ኮፈኑ በረዶ ነበር። ጆሮ ነጭ መሐረብ አውጥቶ ከጭስ ማውጫው ኋላ ቁጢጥ አለና «አስነሺ» አላት። ቁልፉን ከእሱ ተቀብላ ገባችና አዞረች። ሞተሩ ሁለተኛ ሙከራ አላስፈለገውም፤ ከጥልቅ ጉሮሮ እንደሚወጣ ድምፅ ጎርነን ብሎ ተነሳ። ጭሱ ስስ ነበር፤ ወዲያው በነነ። ጆሮ መሐረቡን አገላብጦ አየው። ትንሽ ጥቀርሻ እንጂ የዘይት ጠብታ የለበትም። ከዚያ ዘይቱን ለካ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በጣቱ ገፋ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰ።

«እኩል ነው የተበሉት። ወገቧ ቀጥ ያለ ነው፤ ተጋጭታ አታውቅም» አለ። ወዲያው ጀርባው ላይ ተኝቶ ሥሯ ገባ። «ሞተሩ ሥር ግን ዘይት ያልባታል።»

«ይህን ሁሉ መንገድ የት ሄደችበት?» ስትል ልብስ ሰፊዋ አዋላጇን ጠየቀች።

«ከመንደር መንደር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ። ፈጣን መኪና የገዛሁት ለቅንጦት አይደለም፤ ምጥ ቀጠሮ አያከብርም። አሁን ግን ጉልበቴ እንቢ አለኝ። እዚች ውስጥ መግባቱስ ይሁን፣ መውጣቱ ነው ጭንቁ።»

ጆሮ ከመኪናዋ ሥር ብቅ አለ። «ረጅም መንገድ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው። መኪና የሚጎዳው ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ፣ ቆም ሄድ ሲል ነው። እስቲ ትነዳ።»

ልብስ ሰፊዋ መሪውን ያዘች፣ አዋላጇ ከጎኗ ተቀመጠች፣ ጆሮ ጉልበቱ አገጩን እየነካው ከኋላ ተጠቀለለ። የሰፈሩን መንገድ ገና እንደጨረሱ የአዋላጇ ስልክ ጮኸ። ሰማች፣ «መጣሁ» አለች፣ ዘጋች።

«ምጥ የያዛት ሴት ናት፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ከቀኗ አሥር ቀን ቀደመባት። ከተራራው ማዶ፣ ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር። ቦርሳዬ እዚሁ ከኋላ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ዳር አስያዘች። «በቃ እርስዎ ይንዱ።»

«እኔ ወርጄ እስክዞር ሕፃኑ ይመጣል። አንቺ ንጂ።»

ነዳች። ከተማው ከኋላዋ ቀረ፤ መንገዱ ተከፈተ። ነዳጁን ረገጥ ስታደርግ ወንበሩ ከጀርባዋ ገፋት፤ መላ ሰውነቷን ነዘራት። ኩርባው ላይ መኪናዋ አስፋልቱን ነክሳ እንደያዘች ዞረች፤ ዘንበል እንኳ አላለችም። ልብስ ሰፊዋ ልትስቅ ፈለገች፤ ምጥ ላይ ያለችውን ሴት አስባ ከንፈሯን ነከሰች።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ድንገት ጮኸ፤ ፍጥነቱ ግን ወረደ።

«ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ አይደርስም» አለ ጆሮ ከኋላ፣ ድምፁ የረጋ። «አትደንግጪ። ነዳጁን ቀነስ አድርጊና ቀስ በቀስ ስጪያት። ለስላሳ ጨርቅ ስትሰፊ እንደምትረግጪው።»

ይሄንንስ ታውቀዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስትረግጥ ኖራለች፤ ሐርን ሳይሸበሸብ የምታስኬደው በእግሯ ጣቶች ነው። ጣቶቿን አላላች፤ እንደገና ጥቂት በጥቂት ጫነች። ጩኸቱ ረገበ። መኪናዋ ያዘች፣ አንድ ጊዜ ጎተት አለች፣ ከዚያ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣችው።

«እንዲህ ነው» አለች አዋላጇ፣ ጓንቷን ከቦርሳው እያወጣች።

ደረሱ። አዋላጇ የልብስ ሰፊዋን ክንድ ተደግፋ ወጣችና እያነከሰች ወደ ውስጥ ገባች። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ በመስኮቱ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ አጥሩን ተደግፋ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ጆሮ ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን አዘንብሎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ንገረኝ እንጂ።»

«ፍሪሲዮኗ አልቋል፣ ይቀየራል። ዘይት የሚያልባት የሞተሩ ክዳን ጎማ ስለደረቀ ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው።» ቀና አለ። «ግን ያን ዳገት እንደዚያ ወጥታ የሙቀት መለኪያዋ ከመሐል ፈቀቅ አላለም። ስሚያት እስቲ። ዕድሜዋን ሙሉ በደንብ ተይዛለች። ካንቺ በፊት ባገኛት ራሴ እገዛት ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ እየዘለለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

አዋላጇ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደክሟት፣ ፊቷ ግን በርቶ ወጣች። «ሴት ናት፤ እናትየውም ደህና ናት» አለች። ፍሪሲዮኑ መቀየር እንዳለበት ሰምታ ከዋጋው ላይ የማስቀየሪያውን ቀነሰች፤ ማንም አልተከራከረም።

ጆሮ ከጡረታው ወጥቶ ሥራውን በአሥር ቀን ጨረሰ። በአሥራ አንደኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ያለ ማንም፣ ያለ ምንም ጉዳይ፣ ያንኑ ዳገት ወጣች። አናቱ ላይ ስትደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ያኔ ነክሳ ያስቀረችውን ሳቅ ብቻዋን እንደ ልቧ ሳቀች። ከዚያ መኪናዋን አዙራ ቁልቁል ወርዳ ሌላ አንድ ጊዜ ወጣችው።