ተቆጥቼ አላውቅም

እኔ ቁጭ ብዬ ውጤት ማየት አልችልም። ብድግ እላለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ሰበታ በሚገኘው ክሊኒካችን ካርድ ክፍል የምትሠራው ዕድላዊት «ኡሙ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ» እያለች ትስቅብኛለች። ያን ሐሙስ ታካሚዬ ጣቢታ ለመጠይቃችን የሰጠችውን መልስ ሳይ ግን ወለሉም አልበቃኝም፤ ግቢ ወጥቼ መዞር ጀመርኩ።

«በሕይወቴ ተቆጥቼ አላውቅም።» እውነት ብላለች። «በሰው ቀንቼ አላውቅም።» እውነት። «ክፉ ሐሳብ በአእምሮዬ አልፎ አያውቅም።» ይሄንንም እውነት።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው፦ የሰውን ባሕርይና የአእምሮ ጤንነት የምንለካበት መጠይቅ ውስጥ ሆን ተብለው የሚሸጎጡ ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ማንም የአዳም ልጅ «እውነት» ሊላቸው አይችልም። ሁሉንም እውነት ያለ ሰው ራሱን እያሳመረ ነው ይባልና የቀረው መልሱም ውድቅ ይሆናል። የውሸት መለኪያ እንለዋለን። ጣቢታ ሁሉንም «እውነት» ብላለች።

ሌላ ሰው ቢሆን «ውድቅ» ብዬ ፋይሉን እዘጋ ነበር። ጣቢታ ግን ልጇን ልታጣ ነው። ከሆሳዕና መጥታ እዚሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ባሏ ስምዖን ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሞተ፤ እሷ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ከወለደች በኋላ በጽኑ የአእምሮ ሕመም ተይዛ ሆስፒታል ተኛች። ልጅቷን፣ አቤኒን፣ ሱሉልታ የምትኖረው የስምዖን እኅት ብርሃነሽ አሳደገቻት። አሁን ጣቢታ ድናለች፤ ወደ ሥራዋም ተመልሳለች። ልጄን ስጪኝ ስትል ብርሃነሽ «ደጄ ላይ ጥላት ለሄደች እናት አልሰጥም» አለች። ጉዳዩን የያዙት ሽማግሌዎች መዳኗን የሚያሳይ የሐኪም ወረቀት ጠየቁ። ቀጠሮው ቅዳሜ ነበር።

መጠይቁን አብሮኝ ወደ አማርኛ ለመለሰው ለዶክተር ወንዳፍራሽ ደወልኩ። በዚሁ መጠይቅ በፋብሪካው ሠራተኞች ላይ የሚደረገውን ጥናት የሚመራው እሱ ነው። ከፋብሪካ ሠራተኞቹ ብዙዎቹ እዚሁ መለኪያ ላይ እንደሚወድቁ፣ እነሱንም ከጥናቱ እያስወጣቸው መሆኑን በተረጋጋ ድምፅ ነገረኝ። እኔም ደንቡን ተከትዬ ውድቅ ብዬ እንድጽፍ መከረኝ። ደሜ ፈላ። «ውድቅ» የሚለው ቃል ሱሉልታ ሲደርስ «ውሸታም» ተብሎ እንደሚነበብ አንድ ሰው ሊነግረው ይገባ ነበርና ነገርኩት። ተኮራርፈን ስልኩን ዘጋን።

ወደ ቡራዩ ስመለስ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ቤቴ ሳልደርስ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። እራት ላይ ባሌ አብዱልከሪም ነገሩን ሰምቶ፣ አንቺን ተቆጥተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ቢጠይቁሽ ወረቀቱ ራሱ ይቃጠላል አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን ጉርሻው አልወረደልኝም። ያቺ ሴት ዓይኔን እያየች የምትዋሽ አልመሰለችኝም፤ ወረቀቱ ደግሞ ዋሽታለች ይላል።

ዓርብ በምሳ ሰዓቷ አስጠራኋት። የፋብሪካ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ መጣች። ትዕግሥት የለኝም፤ ገና ሳትቀመጥ ጠየቅኋት።

«ጣቢታ፣ ሰው ሆኖ የማይቆጣ አለ?»

«የለም» አለች፣ ምን ነካት በሚል ዓይን እያየችኝ።

«አንቺስ?»

«እቆጣለሁ እንጂ። ትናንትም ተቆጥቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተቆጥቼ አላውቅም አልሽ?»

«በተቆጣሁ ቁጥር ማታ ንስሐ እገባበታለሁ» አለች። «ጌታ ይቅር ብሎ ፍቆታል። የተፋቀውን እኔ መልሼ ብጽፈው ይቅርታውን አላመንኩም ማለት ነው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በቸርቿ ያስተማሯት ይህንን ነው፤ የተናዘዙት ነገር ከዚያ ወዲያ አይቆጠርም፣ መልሶ ማንሳቱ ራሱ ኃጢአት ነው። ወንዳፍራሽ እያወጣ የሚጥላቸው ሠራተኞችም አብዛኞቹ እዚያው ቸርች የሚሄዱ የአገሯ ልጆች ናቸው። ሰዎቹ አልዋሹም። የተሰረዘላቸውን ትተው የቀረውን ነው የነገሩን። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ እንደገና እንድትመልስልኝ አዲስ መጠይቅ አወጣሁ።

ይቅር የተባለላትን ሁሉ ጨምራ እንድትመልስ ለመንኳት። ቅር እያላት እሺ አለች። ተቆጥታለች፣ ቀንታለች፣ ዋሽታለች፤ የሁላችንን ያህል። ክፉ ሐሳብ የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ያኔ ታምሜ ሳለሁ ልጅቷ ማልቀስ አላቆም አለች» አለችኝ። «ሌትም ቀንም ለቅሶ ነው። ትራስ አነሣሁ። ፊቷ ላይ ላደርገው።»

እንድትቀጥል ራሴን ነቀነቅኩላት።

«ከዚያ ትራሱን ወርውሬ አዘልኳት። ሱሉልታ ድረስ። ለብርሃነሽ ሰጥቻት ሮጥኩ። ለምን እንደሆነ መናገር አፌ እምቢ አለኝ።»

አንጀቴን በላችው፤ ፈራሁም። ደስታዬ በምን ቅጽበት እንደጠፋ አላውቅም። መልሷ አሁን የሚታመን ሆኗል፤ የሚታመነው መልስ ግን ልጇን እስከመጨረሻው ሊያስነጥቃት ይችላል። እዚህ ክፍል የተነገረ እዚሁ እንደሚቀር፣ ፈቃዷ ከሌለ አንዲት ቃል እንደማልጽፍ ነገርኳት። የሚያስከትለውንም አልደበቅኋትም። እስክሪብቶውን መልሳ አነሣች።

«ይጻፍ» አለች። «ብርሃነሽ ጥላት ሄደች ከምትል ይሄንን ትስማ።»

ቅዳሜ ሱሉልታ ከሽማግሌዎቹ የአንዱ፣ የኦቦ ለሜሳ ግቢ ተሰበሰብን። ሽማግሌው «አካም ቡልተን» ብለው ሁላችንንም በየተራ ሰላም አሉን። ከአጥሩ ውጭ በአስፋልቱ ዳር ሯጮች ያልፋሉ። ብርሃነሽ አቤኒን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጣቢታን ላለማየት ፊቷን አዙራለች። እኔ እንደ ልማዴ ቆሜ አነበብኩ፦ መልሷ የታመነ ነው፤ ድናለች። የትራሱንም ነገር አነበብኩ፤ በዚያ ሕመም ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ ብዙ እናቶችን እንደሚያስጨንቅ አስረዳሁ። እሷም ሐሳቡ ሲመጣባት ልጇን ከራሷ አሸሸች። ስጨርስ ብርሃነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ኦቦ ለሜሳ ወደ ጣቢታ ዞሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሕመሙ ቢመለስብሽስ?»

ለዚህ ጥያቄ አላዘጋጀኋትም ነበር። በጌታ ስም አይመለስም ትላለች ብዬ ደነገጥኩ፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው የሚለው ይሄንኑ ነው። እሷ ግን ልጇን ስታይ ቆይታ ወደ ሽማግሌው ቀና አለች።

«ቢመለስብኝ፣ አባቴ፣ መልሼ ለብርሃነሽ እሰጣታለሁ።»

ብርሃነሽ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ያኔ ጣቢታ ስትሮጥ ከኋላዋ ድንጋይ አንሥታባት እንደነበር በለቅሶዋ መሀል ተናገረች። ከዚያ አቤኒን ከጉልበቷ አውርዳ ጀርባዋን በቀስታ ገፋ አደረገቻት።

«ሂጂ» አለቻት። «እናትሽ ናት።»

ልጅቷ ቶሎ አልሄደችም። ጣቢታም እጇን ዘርግታ አልጠራቻትም፤ ዝም ብላ ጠበቀቻት። መጠበቅ ያቃተኝ እኔ ነኝ፤ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ አለቀስኩ።