የአስር ቁጥር ቤት ፊርማ

ሰው ስለ ባሕር ዳርቻ ቤት ሲያወራ ፀሐዩንና ነፋሱን ነው የሚያወራው። ስለተቃጠለው የውሃ መሳቢያ፣ አሸዋውን ሳያራግፍ ስለሚገባው እንግዳ፣ በጋራ አጥር ላይ ፍራሽ ስለሚያሰጣው ማን ያውራ? እኔ ላውራ እንጂ! ሙዓላ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት የሰው መስመር ሳገናኝ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ቱርክ ውስጥ፣ አይቫሊክ ከተማ አጠገብ ያለችው የሃያ አራት ቤቶች ግቢያችን አስተዳዳሪ አደረጉኝ። በየዓመቱ በባለቤቶች ስብሰባ ላይ «ዘንድሮስ በቃኝ» እላለሁ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ማየት ይጀምራል። ይኸው ሰባት ዓመቴ።

ባለፈው ሰኔ የዘጠኝ ቁጥሯ ሙዘየን ሃኒም ቢሮዬ መጡ። እኛ ዘንድ ሃኒም ወይዘሮ፣ ቤይ አቶ እንደ ማለት ነው። ቢሮ ስል ከውሃ መሳቢያው ጎን ያለችውን ክፍል ማለቴ ነው። በሩን ዘግተው ቁጭ አሉ። ባላቸው ጄቫት ቤይ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሞቱ ጀምሮ ቤቱ ግማሹ የእሳቸው፣ ግማሹ በውርስ የልጃቸው የቱንጀር ነው። ጣራው ያፈሳል። ልጁ ከአንካራ እየተመላለሰ ሊያሠራው አልቻለምና እንሽጠው ብሏል። እሳቸው ደግሞ ሐምሌንና ነሐሴን ለእረፍተኛ በሳምንት በሳምንት አከራይቼ ጣራውን ላሠራ ብለው ለምነውታል። «እስከ እሁዱ ስብሰባ ፈቃዱን ካገኘሽ እሺ፣ ካላገኘሽ ይሸጣል» አላቸው። ፈቃድ ማለት ደግሞ የባለቤቶቹ ሁሉ ፊርማ ነው። አንድ ሰው እምቢ ካለ አለቀ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። «ልጇ ቤቷን ሊሸጥባት ነው እየተባለ ከንፈር እንዲመጠጥልኝ አልፈልግም። ማይልኝ።»

ማልኩላቸው። ምን ላድርግ? ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ፊታቸው ተቀምጦ እምቢ ማለት አይቻልም።

ከቤት ወደ ቤት ዞርኩ። እንዴት ያለ ልመና መሰላችሁ! የሁለት ቁጥሮቹ አምና የመጡት ተከራዮች በረንዳ ላይ ዓሣ እየጠበሱ መጋረጃችንን አገሙት ብለው ተቆጡኝ። የአሥራ ሰባት ቁጥሩ የጎረቤቱ ቁጥቋጦ ካልተከረከመ እስክሪብቶ አልነካም አለ። መቀሱን አንስቼ ራሴ ከረከምኩት፤ ወገቤ እስካሁን ያመኛል። ሐሙስ ማታ ላይ ሃያ ሁለት ፊርማ ያዝኩ። የቀሩት አስር ቁጥር ብቻ ነበሩ፣ ሪፍኪ ቤይ።

ሪፍኪ ቤይ ከሙዘየን ሃኒም ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። የባቡር ጣቢያ ኃላፊ የነበሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ባሕሩ ውስጥ የሚዘልቀውን የእንጨት ድልድያችንን በየፀደዩ የሚዘረጉት፣ በየመኸሩ ነቅለው የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። ሣንቃዎቹን ሁሉ ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። ወረቀቱን ሳሳያቸው «አልፈርምም» ብለው በሩን ዘጉብኝ። አርብ ጠዋት ሄድኩ፤ ያው። አርብ ማታ ሄድኩ፤ መብራቱን አጠፉት። የድንጋይ ልብ ነው ያላቸው እያልኩ ግቢውን ሙሉ አማኋቸው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ድልድዩ ላይ ያዝኳቸው። በየማለዳው እዚያ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ ጀርባቸውን ለባሕሩ፣ ፊታቸውን ለግቢው በር ሰጥተው። እኛ የሚገባ የሚወጣውን የሚቆጥሩ ነበር የሚመስለን። እንዲያውም አንድ ጊዜ፣ እንግዶች ያፈጡብናል ብለው ስለከሰሷቸው፣ በአስተዳደሩ ማኅተም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። አሁን ሳስበው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

ፊታቸው ቆሜ ልጮህባቸው አፌን ስከፍት ጣታቸውን አነሱ።

«ዝም በይ ሙዓላ። ድምፁን ትሸፍኚብኛለሽ።»

«የምኑን ድምፅ?»

«የውሃውን። ሙዘየን ሃኒም እየዋኙ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም ራቅ ብሎ ነጭ ባርኔጣ ውሃው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ታዲያ ለምን ጀርባዎን ይሰጣሉ አልኳቸው።

«እየዋኙ አፍጥጬ ልያቸው? ጄቫት ከሞተ በኋላ ብቻቸውን መግባት ፈሩ። ሰው ሲያያቸው ደግሞ ያፍራሉ። ስለዚህ እዚህ እቀመጣለሁ። የእጃቸው ድምፅ ካቆመ እዞራለሁ። እስከ ዛሬ አላቆመም።»

ዘጠኝ በጋ! ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረው አያውቁም። ሣንቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ስለ ፊርማው ስጠይቅ ድምፄ እንደ መጣሁበት አልነበረም።

«ቤቱ ከተከራየ እሳቸው የት ይሆናሉ?» አሉኝ። «ልጃቸው ጋ፣ አንካራ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ጉልበታቸው የማያማቸው ባሕር ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ምን ውስጥ ይዋኙ፣ ባልዲ ውስጥ? ልጅየው ገንዘብ አማረው ተብሎ እኔ አልፈርምም።»

እንግዲህ መሐላ ነበረብኝ። ቢሆንም አፌን መያዝ አልቻልኩም፣ ደግሞም ጥሩ አደረግሁ። «ካልፈረሙ ቤቱ ይሸጣል» አልኳቸው። «የሚሄዱት ለሁለት ወር አይደለም፣ ጨርሰው ነው።»

ሪፍኪ ቤይ ጆሯቸውን ወደ ውሃው አዘነበሉ። ከኋላቸው ውሃው ጨልፈስ ጨልፈስ ይላል። «ወረቀቱን አምጪው» አሉና ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ የቤታቸው ፎቅ ባዶ እንደሆነ፣ የራሱ ደረጃ በውጭ በኩል፣ የራሱ ቁልፍም እንዳለው ነገሩኝ። «ለሁለቱ ወር ማለቴ ነው። እኔ አፌን ሞልቼ ልነግራቸው አልችልም። አስተዳዳሪዋ አንቺ ነሽ።»

ሙዘየን ሃኒም ፀጉራቸው ሳይደርቅ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መሐላዬን ማፍረሴንም፣ ፎቁንም። ፊታቸው ቀላ። «ስልክ ቤት ሳለሽም እንዲህ ነበር የሰው ምስጢር የምታዳርሺው?» አሉኝና በሩን ዘጉት። ስለ ፎቁ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እሁድ ከበለሱ ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበሮቹን ደረደርን። ሪፍኪ ቤይ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ከኋላ ተቀመጡ። ስም ጠርቼ ፊርማ ሳነብ ሃያ ሦስት ሆነና ቆመ። እኔ ሞኟ! ለሰው ሁሉ ስሮጥ የራሳቸውን የሙዘየን ሃኒምን ሳላስፈርም ቀርቻለሁ። እሳቸውም ባለቤት ናቸው፤ ያለ እሳቸው ፈቃዱ ዋጋ የለውም። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ተቀብለው ቆሙ፣ ግን አልፈረሙም።

«መጀመሪያ ከሪፍኪ ቤይ ጋር የምጨርሰው አለኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሪፍኪ ቤይ እስከ ጆሯቸው ቀሉ።

«ዘጠኝ በጋ ጀርባዎን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። የማላውቅ መስሎዎት ነበር? እርስዎ ባይኖሩ እኮ እግሬን እንኳ ውሃ አላስነካም ነበር። ፎቅዎ ላይ እገባለሁ። ግን ከነገ ጀምሮ ወንበሩን ወደ ባሕሩ ያዙሩልኝ።»

ሪፍኪ ቤይ ከወንበራቸው ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የሚያደርጉበት ሲያጡ መልሰው አደረጉት።

«አያፍሩም?» አሉ፣ ድምፃቸው ለራሳቸው እንኳ የሚሰማ አልነበረም።

«ማፈሩ ይብቃኝ» አሉ ሙዘየን ሃኒም። ወረቀቱን ጀርባዬ ላይ ዘርግተው ፈረሙ፤ የእስክሪብቶው ጫፍ ሲሄድ በሸሚዜ በኩል ይሰማኝ ነበር።