የጀሶው አንገት

ባላባቷ ኮንቴሳ ኦርቴንሲያ ከሞቱ ወር ሳይሞላ የወንድማቸው ልጅ ኡጎሊኖ ከሉካ ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ርስት ሊሸጥ መጣ። ወንበሩም ሥዕሉም ጋሪ ላይ ሲጫን፣ አሮጊቷ ገረድ ኤርሲሊያ ዓይኗን የጣለችው ደረጃው መታጠፊያ ላይ ባለው የጀሶ ሐውልት ላይ ብቻ ነበር። ኮንቴሳዋን በሃያ አምስት ዓመታቸው፣ ከደረታቸው በላይ ያሳያል። ከሱ ተቀድቶ የተጠረበው እብነ በረድ ድሮ ቱሪን ሄዷል።

እውነቱን ለመናገር ኮንቴሳዋ የሐውልቱ ግማሽ ብቻ ነበሩ። መቀመጥ የማይሆንላቸው ሴት! ፊታቸው በሁለት ቀን እንዳለቀ፣ "እኔስ በቃኝ፣ ለቀረው ይቺን ውሰድ" ብለው ኤርሲሊያን ለቀራጺው ሰጡት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ትከሻዋን ገልጣ አሥራ ሁለት ቀን ምድጃ አጠገብ ተቀመጠች። ሥራው ሲያልቅ ኮንቴሳዋ፣ "ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ" አሏት፤ እሷም ማለች።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "ወይ አንገት!" ሲባል እየሰማች ካባ ትቀበላለች። ባል አላገባች፣ ፎቶ አልተነሳች፤ ቆንጆ እንደነበረች የሚመሰክርላት ያ ጀሶ ብቻ ነው። ቤቱ ጭር ሲል አጠገቡ ቆማ ታየዋለች። የራስን አንገት መናፈቅ እንዴት ያለ ብቸኝነት ነው!

"ጌታዬ፣ ያንን ጀሶ ቢሰጡኝ" አለችው ኡጎሊኖን።

"የአክስቴን? ምን ያደርግልሻል፣ እማማ ኤርሲሊያ?"

መናገር ትችል ነበር። ኮንቴሳዋ ሞተዋል፤ ማን ይቆጣታል? ግን መሐላዋ አስፈራት፤ ደግሞም ወንድ ፊት ትከሻዋን መግለጧን በስተርጅና ማውራት አሳፈራት።

"ለማስታወሻ ነው" አለች።

የኡጎሊኖ ዓይን እንባ አቀረረ። ደግ ልጅ ነበር፤ ጥፋቱም ደግነቱ ነው።

በማግስቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጥ ቤት ገባ። "ነይ እስኪ፣ ፍቺው!"

ፈታችው። የኮንቴሳዋ ፊት ነው፤ ከግንባር እስከ አገጭ፣ ሌላ ምንም የለም።

"ያንን ሁሉ ጀሶ እንዴት ትሸከሚዋለሽ ብዬ በመጋዝ አስቆረጥኩልሽ" አለ እየሳቀ። "አሁን እንደ ሳህን ግድግዳሽ ላይ ትሰቅይዋለሽ።"

"ሌላውስ?"

"የቱ ሌላ? ትከሻው? ጋሪዎቹን ጭቃ እንዳይዛቸው ተፈርክሶ መንገዱ ላይ ተደፋ።"

ኤርሲሊያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የጀሶውን ፊት ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"አንገቱ የኔ ነበር" አለች። "ትከሻውም። ለቀራጺው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

ኡጎሊኖ አያት፣ አያትና ፊቱ ተለዋወጠ። "ኧረ በማርያም! ታዲያ ምነው ትላንት አትነግሪኝም?"

"አትናገሪ ተብዬ ነዋ።"

"ማን አለሽ?"

ጭኗ ላይ ያለውን ፊት በጣቷ አሳየችው።

ውጭ ጋሪ ነጂው ሲጣራ ኡጎሊኖ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ኤርሲሊያ ከእመቤቷ ጋር ብቻዋን ቀረች።